አያታችንን ይዘን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄደን ሳይጠመቁ ተመለስን፤ ለሁለተኛው ጉዞ ምክራችሁን እንሻለን

የቁስቋም ሰፈር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ በቁስቋም ሰፈር ነው። ጠዋት በራችንን ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሲሆን በክረምት ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ግቢያችን ድረስ ይገባል። ይህን ያህል ቀርበን እየኖርን ግን ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ከተሳለመ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። ቁልቢና ግሸን ገንዘብ ተቆጥቦና ከሥራ ፈቃድ ተወስዶ ይኬድባቸዋል፤ ደጃፍ ያለ ደብር ግን «ሌላ ቀን ይደርሳል» እየተባለ ይቆያል።

ባለፈው ወር አያቴ ከዚህ በላይ መቆየት እንደማይችሉ ነገሩን። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የቀኝ ጉልበታቸው ካበጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በከዘራ እየተደገፉ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ያስጨነቃቸው ስለት ነው። የመጨረሻው ልጄ ያለ ቀኑ ተወልዶ በማሞቂያ ውስጥ በተኛበት ሳምንት፣ ልጁ ከተረፈ ራሳቸው ይዘውት ሄደው ጃንጥላ ሊያስገቡና አብረውት ሊጠመቁ ለኪዳነ ምሕረት ተስለው ነበር። ልጁ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላው፤ ጃንጥላው ከተገዛም አራት ዓመቱ ነው።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስምንት ሆነን ተነሣን፦ አያቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆችና እኔ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ታክሲ አያቴን ጋቢና አስቀመጥናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ጀሪካኖቹን የያዝሁት እኔ ስለነበርሁ፣ ወረፋ ለመያዝም ስለቸኮልሁ፣ ልጆቹም ቁልቁለቱን ሲያዩ ስለሮጡ፣ ባለቤቴ እነርሱን ተከትላ፣ እኔ ባለቤቴን ተከትዬ ወረድን። ዘወር ስል አያቴ እጅግ ርቀው ከእናቴ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። እርሳቸው እስኪደርሱ የሴቶቹ መጠመቂያ ሰልፍ ረዝሞ ነበር፤ ብርዱም አንቀጠቀጣቸው። በመጨረሻ ከጀሪካን ጸበል ቀድተን ፊታቸውን አስነካናቸውና ጃንጥላውን ሳናስገባ ተመለስን። ማታ እናቴ «እንኳን አደረሰዎ» ስትላቸው፣ «እናንተ ተሳልማችሁ መጣችሁ፤ እኔ መንገዱን አይቼ ተመለስሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

ደግመን ልንወስዳቸው ወስነናል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ በምን ቀን፣ በየት በኩል፣ በምን ዓይነት ዝግጅት እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳም።

እናት ከጉራራ

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እኛም በአማቴ ላይ ይህንኑ አድርገናልና።

በመጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት መታሰቢያ በመሆኑ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ በ21 የእመቤታችን ቀን፣ እንዲሁም እሑድ እሑድ እንደዚያው ነው። የካቲት 16 ዓመታዊው በዓል ሲሆን ደግሞ ጤነኛ ሰው እንኳ ተገፍቶ ነው የሚገባው፤ አያትህን ለዚያ ቀን አታስቧቸው። ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 16 ሱባኤ የሚገባው ሰው ስለሚበዛ፣ ጭቃውም ስላለ፣ ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ በበጋ፣ ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ሲል ሂዱ።

ሁለተኛው ነገር የሰው ድልድል ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። ወንዱና ሴቱ የሚጠመቀው ለየብቻ ስለሆነ አንተ ከደጅ አታልፍም። ስለዚህ ከእህትህና ከእናትህ ሥራቸው አያትህ ብቻ የሆኑ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ጀሪካን አይያዙ፣ ልጅ አይጠብቁ፣ ስልክ አያንሡ። አንዷ በታመመው ጉልበት በኩል ትደግፍ፤ ሌላዋ በቁልቁለቱ ከፊት ከፊት ትውረድ። ለመጠመቂያ የሚሆን ነጠላና ደረቅ ቅያሪ፣ የማያዳልጥ የላስቲክ ጫማ፣ ከሁሉ በላይ ወፍራም ጋቢ ይያዝ። ሕመምተኞች ከጸበሉ በፊት እህል መቅመስና አለመቅመሳቸውን አስቀድማችሁ የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ፤ እዚያ ደርሶ መከራከር ያደክማል።

ሲስተር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ እኔም በእንጦጦ ጸበል የተጠመቅሁ ነኝ። ሁለቱንም አስቀድሜ የምናገረው አንዱን ለመንቀፍ የመጣሁ እንዳይመስል ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ቁስቋም ለምትኖሩት ልዩነቱ ያን ያህል ባይሆንም በ82 ዓመት ልብ ላይ አቀበትና ብርድ አንድ ላይ ሲመጡ ቀላል አይደለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስለ ሰዓቱና ስለ ጾሙ ከሐኪማቸው ጋር ሳትነጋገሩ ማለዳ እንዳታስነሷቸው። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ከራስ ላይ ሲወርድ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥማቂው ከእጅና ከእግር ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲያፈስስላቸው በትሕትና ብትጠይቁ የሚከፋ አይመስለኝም።

መድኃኒታቸውንም እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ይህንን የምለው በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ኤች አይ ቪ ገዳይ በነበረበት ዘመን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ቤት ተከራይተው ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች እጅግ ብዙ ነበሩ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ መሰጠት ሲጀምር «መድኃኒት ከወሰድሁ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው» ብለው ያቋረጡ ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የቀበርናቸው አሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል ማስተማራቸው በዚያን ጊዜ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የአያትዎ የጉልበት ኪኒንም ከዚሁ አይለይም፤ ከቦርሳው አይጥፋ።

የእግር ተጓዥ

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ጋቢና፣ የተመረጠ ቀን፣ ፀሐይ ሲሞቅ... እንዲህ ከሆነ የቀረው ጉብኝት ነው። አባቶቻችን ለገና ላሊበላ ለመድረስ ሳምንታት በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ዛሬም በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ። እኔ ራሴ በየዓመቱ ደብረ ሊባኖስ በእግሬ እሄዳለሁ። ድካሙ የጸሎቱ አካል ነው፤ እናታችንም በእሑዱ ጉዞ ደክመውና በርዷቸው መመለሳቸው በእግዚአብሔር ፊት ከንቱ ሆኖ የቀረ አይመስለኝም። ቤተሰቡ ይህን ያህል ራሱን ባይወቅስ እወዳለሁ።

እናት ከጉራራ

ወንድሜ የእግር ተጓዥ፣ ራሱን እንዳይወቅስ ማለትህ ደግነት ነው፤ ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። የቀረው ላይ ግን አልስማማም። አንተ ወደ ደብረ ሊባኖስ ስትሄድ ድካሙን መርጠህ፣ ሲበዛብህም ማረፍ እንደምትችል አውቀህ ነው። እኒህ እናት ግን ድካምን ፍለጋ ተራራ መውጣት አያስፈልጋቸውም፤ ጉልበቱ ላበጠ ሰው ሌሊት ከአልጋ መነሣቱ ራሱ አቀበት ነው። የጎደለባቸው ድካም አይደለም፤ የጎደለባቸው መድረስ ነው።

ከልደታ ካቴድራል

እኔ ካቶሊካዊት ነኝ፤ የምንቀድሰውም በግእዝ ሥርዓት ስለሆነ ኪዳነ ምሕረት ለእኛም እንግዳ ስም አይደለችም። በውይይቱ መግባቴን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የምጽፈው ትምህርት ላይ ሳለሁ በፈረንሳይ ሀገር በሉርድ አንድ ሳምንት በበጎ ፈቃድ ስላገለገልሁና ያየሁት ነገር ከዚህ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ሉርድ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1858 የ14 ዓመቷ ቤርናዴት ሱቢሩ ከእህቷና ከጓደኛዋ ጋር እንጨት ልትለቅም ወጥታ በወንዙ ዳር ባለው በማሳቢየል ዋሻ እመቤታችን ታየቻት። ከዚያን ቀን እስከ ሐምሌ 16 ድረስ 18 ጊዜ እንደታየቻት ቤተ ክርስቲያናችን ተቀብላለች። ምንጩም የተገኘው በዚያው የካቲት ወር፣ ልጅቱ እንደታዘዘችው መሬቱን በእጇ ስትጭር ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነበር። እኔ ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችና ልጃገረዶች ባየሁ ቁጥር ቤርናዴት ትዝ ትለኛለች።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ዛሬ በሉርድ ከአንዳንዱ የሀገራችን ከተማ የሚበልጡ አዳራሾችና ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ከመሬት በታች የተሠራው የቅዱስ ፒዮስ ባሲሊካ ብቻውን ከ20,000 በላይ ሰው ይይዛል። ልቤን የነካው ግን የሕንፃው ትልቅነት አልነበረም። በማንኛውም ዑደት ላይ ከፊት የሚሄዱት በሰማያዊ ባለ ጎማ ወንበር የተቀመጡት ሕሙማን ናቸው። ጤነኛው ሁሉ፣ ጳጳስም ይሁን ባለሥልጣን፣ የወንበሩን ፍጥነት ጠብቆ ከኋላ ይከተላል። የእኔ ሥራ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊትን መግፋት ነበር፤ መጀመሪያ የተማርሁት ትእዛዝም «ሳትጠይቂ አትግፊ፣ ሳትነግሪ አታቁሚ» የሚል ነበር። ወደ ዋሻው ስንቀርብ መቶዎች ቆመው ሳለ መንገዱ ያለ ጠባቂ ተከፈተልን።

ስለ መጠመቁም አንድ ነገር ልጨምር። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በሉርድ ሙሉ አካልን ውኃ ውስጥ ከመንከር ይልቅ በሌላ ሰው እጅ በሚፈስ ውኃ እጅንና ፊትን መታጠብና ከውኃው መጠጣት ተለምዷል፤ ብዙ ደካሞች ይህ እፎይታ ሆኖላቸዋል። በእናንተ ዘንድ ሥርዓቱ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲስተር እንደጻፉት ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይቻል እንደሆነ አባቶችን መጠየቁ ግን መልካም ይመስለኛል። ፈውስን በተመለከተ ደግሞ፣ ከ160 ዓመታት በላይ በሄዱት ሚሊዮኖች መካከል ቤተ ክርስቲያን በይፋ ተአምር ብላ የተቀበለችው ከ70 ጥቂት የሚበልጡትን ብቻ ነው። የተቀረው ሰው ከነሕመሙ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዓመቱም ይመጣል። የእኔዋ አሮጊት ዘጠነኛ ጊዜያቸው ነበር።

የእግር ተጓዥ

እህቴ ከልደታ፣ ደካሞች ከፊት፣ ጤነኞች ከኋላ መሆናቸውን ያነበብሁት አሁን ነው፤ እስካሁን እያሰብሁበት ነው። እኔ በየዓመቱ ደብረ ሊባኖስ የምደርሰው ከጓደኞቼ ሁሉ ቀድሜ ነው። ድካም ዋጋ አለው ያልሁትን አልተውም፤ ነገር ግን የጠንካራው ሰው ድካም እርምጃውን ለሌላ መቀነስ ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም ነበር። እናት ከጉራራ፣ የእርስዎም መልስ ደርሶኛል።

የድሮ አራዳ

ልጆቹን በተመለከተ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። ልጆች የሚሮጡት ሥራ ስላጡ ነው። አያታችሁ በሚጠመቁበት ሰዓት አንድ ሰው ሦስቱን ልጆች ወደ እንጦጦ ማርያም ይውሰዳቸው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ። በሙዚየሙ ልብሳቸውና ሌሎች ንዋያት አሉ። አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥትም አሳዩአቸው፤ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተለቀለቀ ነው። የዓድዋ ጦርነት ከመደረጉ ከጥቂት ዓመታት በፊት ንጉሡ እንዲህ ባለ ቤት ይኖሩ እንደነበር ልጆች ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ነው። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ቤተ መንግሥቱን ወደ ፍልውኃ ቁልቁል እንዳወረደውና አዲስ አበባም በዚያ እንደተቆረቆረች ከተራራው ጫፍ ከተማዋን እያሳያችሁ ንገሯቸው። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ እንኳ ከአውስትራሊያ የመጣው በዚያው የማገዶ ችግር ምክንያት ነው።

ነዋሪ ከቀጨኔ

በቤታችን የሚታጠፍ ባለ ጎማ ወንበር አለ። የእናቴ ነበር፤ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ጎማው ለኮረብታ የሚመች አይደለም፤ ለሰልፍና ለሜዳው ግን ይጠቅማል። በውስጥ መልእክት አድራሻ ላኩልኝና ቤታችሁ ድረስ አመጣዋለሁ።

የቁስቋም ሰፈር ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። ሄደን መጥተናል፤ እንደሆነው አድርጌ ልጻፍ።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። አያቴ ለደም ግፊታቸው የሚወስዱት መድኃኒት ስላለ ሐኪማቸውን አስቀድመን አማክረን ነበር፤ የንስሐ አባታቸውም ኪኒናቸውን በጥቂት በሶ ውኃ እንዲውጡ ፈቀዱላቸው። እናቴና እህቴ ለአያቴ ብቻ ተመደቡ። ባለቤቴ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዛ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። ትንሹ ልጅ ጃንጥላውን አቅፎ ከእኛ ጋር ቀረ፤ ከአያቱ ቀድሞ እንዳይራመድም ነገርሁት። ወንበሩን እኔ ተሸከምሁ።

አያቴ በቁልቁለቱ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አሉ፤ እኔም የቀጨኔውን ወዳጃችንን ማስጠንቀቂያ አስታውሼ አልተጫንኋቸውም። በአሥር በአሥር እርምጃ ነው የወረድነው፤ ባረፉ ቁጥር ግን ወንበሩን ዘርግቼ ያስቀመጥኋቸው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርድ አንዲት ሴት አየችን። ሸክሟን ከግንቡ ላይ አስደግፋ፣ «እማማን በዚያ ድንጋያማ አታውርዷቸው» ብላ ወደ ግራ በሚዞር ቀጭን መንገድ መራችን፤ ረጅም ቢሆንም ቁልቁለቱ የለዘበ ነበር። ያን ሁሉ ሸክም ትታ እስከ ታች ሸኘችን። አያቴ ስሟን ጠይቀው መረቋት፤ ለመመለሻ የያዝነውን ዳቦ ግማሹን ሰጠናት።

በሰልፉ ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። እኛ ምንም ሳንጠይቅ ከፊት የነበረች ወጣት ወንበሩን አይታ «እናታችን ይቅደሙ» አለች፤ ሌሎቹም ተከትለው አሳለፏቸው። ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እህቴ ናት። ከእግራቸው ጀምሮ ቀስ ተብሎ ፈሰሰላቸው፤ ሦስተኛው ውኃ ከራሳቸው ሲወርድ የልጄን ስም ጠርተው አለቀሱ። ልጁም በወንዶቹ በኩል ከእኔ ጋር ተጠመቀ። ደረቅ ልብስ ለብሰውና በጋቢ ተጠቅልለው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ጃንጥላውን ልጁና አያቴ አንድ ላይ ይዘው ለካህኑ አስረከቡ። ካህኑ ስለቱ የምን እንደሆነ ሲጠይቁ አያቴ በጣታቸው ወደ ልጁ አመለከቱ።

ጉልበታቸው እንዳበጠ ነው፤ በማግሥቱ ከወትሮው ይልቅ አሞአቸው ነበር። ማታ ግን እናቴ «እንኳን አደረሰዎ» ስትላቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ።

ነዋሪ ከቀጨኔ፣ ወንበሩ ታጥቦና ጎማው ተጠርጎ ቤታችን ተቀምጧል፤ መቼ ላምጣልዎ? አያቴ ደግሞ የእናትዎን የክርስትና ስም እንድጠይቅዎ አዝዘውኛል፤ በጸሎታቸው ሊያነሡ ይፈልጋሉ።

ነዋሪ ከቀጨኔ

ስሙን በውስጥ መልእክት ልኬያለሁ። ወንበሩ እናንተ ዘንድ ይቆይ፤ ከዚህ ክር ተሳታፊዎች ወይም ከሰፈራችሁ እናቱን ሊያሳልም የሚፈልግ ሲመጣ ስጡት።